ያልተነገረኝ መርዶ

ባሕር ማዶ የሚማር ሰው ዘመድ አይሞትበትም። ቢያንስ ዲግሪውን እስኪይዝ ድረስ አይሞትበትም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ በነጋሪት ጋዜጣም አልወጣም፤ እኛ ሰፈር ሽሮ ሜዳ ግን ከወንጀለኛ መቅጫው የበለጠ የሚከበረው እሱ ነው። “ልጁ ትምህርት ላይ ነው፤ እንዳትነግሩት” ከተባለ በቃ፣ አለቀ። ሟቹ ይቀበራል፣ ሠልስቱ ይወጣል፣ ተዝካሩ ይበላል፤ ለተማሪው ግን ሟቹ በሕይወት አለ፣ በየስልኩም ሰላም ይለዋል።

የአክስቴ ልጅ ህንድ አገር ሲማር አጎታችን አረፉ። ልጁ በደወለ ቁጥር “አጎቴስ?” ይላል፤ “ደህና ናቸው፣ ትንሽ ጉልበታቸውን ነው” ይባላል። አጎታችን ከሞቱ በኋላ እንዲህ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዓመታት አለፉ። ልጁ ተመርቆ ሲመለስ ለጉልበታቸው ቅባት፣ ለራሳቸው ደግሞ ወፍራም ሹራብ ይዞ መጣ። ሊቀበሉት የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ሹራቡን ተቀባበሉት፣ ጨርቁን ዳበሱት፣ “ልካቸው ነው” አሉ አንደኛው። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ መጥተው መርዶውን ነገሩት።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ እኔ ሆላንድ አገር ሕግ ልማር የሄድኩት። የመጀመሪያውን ዲግሪ እዚሁ ይዤ፣ ለሁለተኛው የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቼ። የሽሮ ሜዳ ሰው ገና ሳልሄድ “ጠበቃው” ይለኝ ነበር። እዚያ ስደርስ ጠበቃው ብስክሌት መንዳት የማይችል፣ በቀዝቃዛ ዳቦና አይብ ምሳ የሚበላ፣ ጓደኛውን ለመጠየቅ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ሆኖ ቀረ። አስተማሪዎችንም በስማቸው ጥሩ ተባልን። የማስረጃ ሕግ የምታስተምረን ፕሮፌሰር እናቴን የምታህል ሴት ናት። በእንግሊዝኛ “እርስዎ” የሚለውን ቃል ስፈልግላት ግማሹ ሴሚስተር አለቀ።

ይቺ ፕሮፌሰር አንድ ቀን “ዝምታ ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል” አለች። እኔ ይህን ጻፍኩ። ቀጥላ ሌላም ነገር ብላ ነበር፤ እሱን ግን አልሰማሁትም፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። የደረሰብኝ ነገር ሁሉ የደረሰው በዚያች እንቅልፍ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ሻንቆ ይባላል፣ ሸማኔ ነው፤ ከጋሞ በልጅነቱ መጥቶ ሽሮ ሜዳ የከተመ። በሁለት ነገር ይመካል፤ በሚሠራው ጥበብና በጥርሱ። መቀስ ነክቶ አያውቅም፣ ክር የሚበጥሰው በጥርሱ ነው። ሠርግ ቤት የጠርሙስ ክዳን ሲከፍት ሕዝብ ይሰበሰባል። “መክፈቻ ለሰነፍ ነው!” ይላል። ጥርሳቸው የወለቀ እኩዮቹ ላይ ሲስቅ ደግሞ አያድርስ ነው።

እሑድ እሑድ በቪዲዮ እደውላለሁ። ድሮ ስልኩን የሚነጥቀው አባቴ ነበር። አንድ እሑድ ግን እናቴ ብቻ ቀረበች።

“አባዬስ?”

“አባትህማ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነው።”

ቤተ ክርስቲያን በከሰዓት? ተውኩት። በሚቀጥለው እሑድ ተኝቶ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ “ዊንጌት ሄዷል” አለች።

“ዊንጌት ምን ሊሠራ?”

“እ... ማለቴ ጳውሎስ።”

“ጳውሎስ? ሆስፒታል?”

“ኧረ ሰፈሩን ነው ልጄ! በዚያ ሲያልፍ... አትሰማኝም መሰለኝ፤ ኔትዎርኩ...” አለችና ኔትዎርኩን በእጇ ዘጋችው። ጣቷን አይቻለሁ።

ሌላ እሑድ ስደውል ጥቁር ሻሽ አስራለች። ከኋላዋ የአባቴ የሽመና ዕቃ ይታያል፤ ድሩ እንደተዘረጋ፣ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ ላይ ነጭ አንሶላ ተሸፍኖበታል። ቤታችን ከተሠራ ጀምሮ ያ ጉድጓድ ተሸፍኖ አያውቅም። መወርወሪያው ጸጥ ብሏል።

እናት ልትዋሽ ትችላለች። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑርሁሴን ግን በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ሚዛናቸው እንኳን ወደ ገዢው ነው የሚያደላው። ለእሳቸው ደወልኩ።

“ሐጂ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አባቴ ደህና ነው?”

ረጅም ዝምታ ሆነ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልጄ፣ አንተ ትምህርትህን በርታ። ሁላችንም የአላህ ነን፤ ያለው ይሄዳል፣ የሄደው ይተካል። አልሐምዱሊላህ።”

ዝምታ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በዶርሙ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለችው አበሻ ሰናይት ነበረች፤ የዊንጌት ልጅ፣ የሕዝብ ጤና ተማሪ። የአክስቷ ሞት በመጀመሪያ ዲግሪዋ ምረቃ ማግሥት የተነገራት ስለሆነች በዚህ ጉዳይ ሊቅ ናት። ያየሁትንና የሰማሁትን ነገርኳት። ጥቁር ሻሽ ስል ዓይኗን ጨፈነች። ስለ ሐጂ ስነግራት ነጠላዋን ለሐዘን አዘቀዘቀች።

“ወንድሜ፣ አልቅስ” አለችኝ።

“ግን እኮ ማንም አልነገረኝም።”

“እሱ ነው እኮ! ሰው ካልሞተ ምን ብለው ይደብቁሃል?”

አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው እንባዬ አልገደመም፤ ሰናይትም የአክስቷን ጨምራ አስነካችው። ጎረቤቴ የሆነው ቀይ ጸጉር ሆላንዳዊ በሩን አንኳኳና በጣም በትሕትና ስንት ሰዓት ላይ እንደምንጨርስ ጠየቀ። ሰናይት “እኛ ጋ ሦስት ቀን ነው” ብላ መለሰችለት። ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ የጆሮ መድፈኛ ሊገዛ ወጣ።

ችግሩ ሐሙስ ፈተና አለ። የማስረጃ ሕግ ፈተና፣ በቃል፣ ከፕሮፌሰሯ ጋር ፊት ለፊት። እሱን ከወደቅሁ የነጻ ትምህርቱ ይቋረጣል። ፊቴ እንዳበጠ ቢሮዋ ሄድኩ።

“አባቴ ሞቷል፤ አገሬ መሄድ አለብኝ” አልኳት።

ከልቧ አዘነች። ውሃ ቀዳችልኝ። “መቼ ሞተ?” አለች።

“አላውቅም።”

“ማን ነገረህ?”

“ማንም አልነገረኝም። ማስረጃው እሱ ነው።”

መነጽሯን አወለቀች። ባህሉን አስረዳኋት፤ ሻሹን፣ አንሶላውን፣ ሐጂን፣ የአጎታችንን ሹራብ ሳይቀር ተናገርኩ። ስጨርስ ጣሪያውን አየች።

“ሂድ፣ ቤተሰብህን እይ” አለችኝ በመጨረሻ። “ፈተናውን ግን ላዘገይልህ የምችለው የሞት የምስክር ወረቀት ካመጣህ ነው። ደንቡ ነው።”

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሆላንድ ወረቀት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ነገሩ የገባኝ። አባቴ ከሞተ ፈተናው ይዘገይልኛል። አባቴ በሕይወት ካለ ወድቄያለሁ። ለየትኛው እንደምጸልይ ላፍታ እንኳን አልተጠራጠርኩም፤ “እግዚአብሔር ሆይ፣ ጣለኝ” አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የአውሮፕላኑን ጉዳይ መስሏቸው ደንግጠው አማተቡ።

ገና ሳይረፍድ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ያበጠ ዓይን። ከመኪናው ስወርድ መጀመሪያ ያየችኝ ጎረቤታችን እትዬ ፈለቀች ናት። እትዬ ፈለቀች የሰፈሩ ለቅሶ አውራጅ ነች፤ የእሷ እንባ ያልነካው ቀብር እንደ ቀብር አይቆጠርም። የያዘችውን ፌስታል ጣለች። ልጅ ባሕር ማዶ ትምህርቱን ጥሎ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ሳይናገር በጠዋት ከመጣ ምን ማለት እንደሆነ የሽሮ ሜዳ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

“ወይኔ ጋሽ ሻንቆ! ወይኔ እኔ ሳልሰማ!” ብላ ደረቷን መታች።

እኔ ደግሞ እሷ ስትጮህ ጥርጣሬዬ ሁሉ አለቀ። “አባዬን!” ብዬ ተንበረከክሁ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ የእሷ ማስረጃ እኔ፣ የእኔ ማስረጃ እሷ። ሁለት ምስክሮች አንዱ በሌላው ላይ ምለን፣ አንድ ጤነኛ ሰው ገደልን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ከተነፋ ደግሞ “እርግጠኛ ነህ ወይ?” ብሎ ጥያቄ የለም። ጎረምሶች ድንኳኑን ተሸክመው መጡ፣ ወንበር ወረደ፣ ሴቶች ንፍሮ ጣዱ። እኔ ወደ ቤት ልግባ ስል ሁለት ጠንካራ ሰዎች ክንዴን ይዘው “አይሆንም፣ ራሱን ይጎዳል” እያሉ ያስቀምጡኛል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። በገዛ በራችን ላይ እስረኛ ሆንኩ።

በዚህ መሐል እናቴ ከኪዳን ስትመለስ ድንኳኑን በበሯ ላይ አየች። ባሏን ቁርስ አብልታው ነው የወጣችው፤ ስለዚህ የሞተው እሱ ሊሆን አይችልም። ሆላንድ ያለው ልጇ ነው እንጂ!

“ልጄን! ልጄን አመጡልኝ!” ብላ ነጠላዋን በወገቧ አሰረች።

ሮጬ አቀፍኳት። “እማዬ፣ አባዬን!” እያልኩ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ አንገቴን አንቃ “ልጄን! ለፍቶ መና የቀረ ልጄን!” ትላለች። እኔን አቅፋ እኔኑ አለቀሰችኝ። ቀብሬ ላይ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ካገኘሁ ይበቃኛል። ከብዙ በኋላ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችና፣ “አንተ! አለህ እንዴ?” አለችኝ።

“እኔማ አለሁ። አባዬ ነው እንጂ።”

“አባትህ ምን ሆነ?”

“ሞተ።”

“መቼ? አሁን እኮ አጥሚት ጠጥቶ ጓሮ ተቀምጧል!”

ይህን ስትል ወንዶቹ ከተቀመጡበት በኩል ማጉረምረም ተሰማ። እንደዚህ ነው የሆነው። አባቴ ጓሮ ሆኖ ለቅሶውን ሰማ። ጎረቤት ሰው ሞቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናነበ፣ በጓሮ በር ዞሮ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሐጂ ኑርሁሴን አጠገብ ተቀመጠ። ሐጂ ገና አሁን ሱቃቸውን ዘግተው መድረሳቸው ነበር። አባቴ ትንሽ ካለቀሰ በኋላ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

“ሐጂ፣ ማን ነው የሞተው?”

ሐጂ ዋሽተው አያውቁም አላልኳችሁም?

“አንተ ነህ አሉ” አሉት።

አባቴ ከደነገጠው ድንጋጤ ጋቢው ወረደ። ድንኳኑ በሙሉ ዞረ። እትዬ ፈለቀች “በስመ አብ!” ብላ ወንበሩን ከነሰውየው ዘላ አለፈች። እኔም አየሁት። አባቴ ነው፤ ግን ፊቱ እንደሌላ ጊዜው አይደለም። አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል ገባኝ። የፊት ጥርሶቹ የሉም።

“አንተ፣ ፈተናህስ?” አለኝ። በመጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው፤ ቃሉም በፉጨት ታጅቦ ወጣ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ለካስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ማለፌን የነገርኳቸው ዕለት አባቴ ሰፈሩን ጠርቶ ነበር። “ጠበቃው አለፈ!” ብሎ ጠርሙስ አነሳና እንደ ልማዱ በጥርሱ ያዘው። ክዳኑ አልተነሣም፣ ጥርሶቹ ተነሡ። የቀሩትን ደግሞ ጳውሎስ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ነቀለለት፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ታዘዘ። ያ ፎካሪ ለልጁ ድዱን ማሳየት ሞት መሰለው። “ጥርሴ እስኪገባ ድረስ ስልክ እንዳታቀርቡልኝ” ብሎ እናቴን አስማለ፤ ሐጂንም “እንዳትነግሩት” ብሎ ቃል አስገባ። የእናቴ ጥቁር ሻሽ የእድር ጓደኛዋን ለመቅበር የታሰረ ነበር።

“አንሶላውስ?” አልኩ። “ጉድጓዱ ላይ የተሸፈነው?”

አባቴ መሬት መሬት አየ። “ከሥሩ ነበርኩ” አለ። “ስልኩ በድንገት ሲጮህ መውጫ አጣሁ። ‘አባዬስ?’ ስትል እሰማህ ነበር።”

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ድምፄን ሲሰማ በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝና ሳቄ መሐል ላይ እንባዬ መጣ። በሕይወት መኖሩ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነገርኩትም። እኛ ቤት እንደዚያ አይባልም። ጋቢውን አስተካከልኩለት።

ከዚያ ስለ ወረቀቱ ተናገርኩ። የሞት ምስክር ወረቀት ካላመጣሁ ፈተናው እንደሚያልፈኝ፣ ትምህርቱም እንደሚቋረጥ። የእድሩ ዳኛ ጥቂት አሰቡና፣ “እንግዲህ ድንኳኑም ተተክሏል፣ ንፍሮውም በስሏል፤ ጋሽ ሻንቆ ለጊዜው ቢሞቱስ?” አሉ።

“ለልጄ ከሆነማ እሞታለሁ” አለ አባቴ፤ ከልቡ ነው።

“ወንጀል ነው!” አልኩ፤ ከተማርኩት ሁሉ በዚያን ቀን የጠቀመኝ ይህ ብቻ ነው።

“ታዲያ ሴትየዋ የምትፈልገው ምንድን ነው?” አለ አባቴ።

“ማስረጃ።”

አባቴ ቀና አለ። ድንኳኑን አየ፣ እኩዮቹን አየ፤ ድሮ የሳቀባቸውን ሁሉ። “ደውልላት” አለኝ።

ደወልኩ። ፕሮፌሰሯ በስልኩ መስታወት ላይ ብቅ ስትል ያየችው ድንኳን፣ ንፍሮ የያዙ ሴቶች፣ መሐል ላይ ደግሞ ጋቢ የለበሰ ሰው ነው። እኔ እየተርጎምኩ ሁሉንም አስረዳሁ። “ማስረጃህስ?” ስትል አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ለገዛ ልጁ ላለማሳየት ጉድጓድ የገባበትን አፍ፣ ለማያውቃት ሴት፣ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ እስከ ጉሮሮው ከፈተው።

ፕሮፌሰሯ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። “ማስረጃው ተቀባይነት አግኝቷል” አለች። “ሐሙስ መድረስ ስለማትችል በሚቀጥለው ሳምንት ና።” ስተረጉምላቸው እትዬ ፈለቀች እልል አለች። የተዘጋጀ ንፍሮ አይደፋም፤ በእልልታ ተበላ። አባቴ ብቻ ማኘክ አቅቶት አጥሚቱን ይዞ ቁጭ አለ። እትዬ ፈለቀች ስትሰናበተኝ ጉንጬን ስማ፣ “እንባዬ የትም አይሄድም፣ ለሌላ ጊዜ ይያዝልኝ” አለችኝ።

ፈተናው ላይ ፕሮፌሰሯ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ “ዝምታ ማስረጃ ይሆናል?”

“ይሆናል” አልኩ። “ግን ብቻውን አይበቃም። አንሶላውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።” ለካስ ተኝቼ ያመለጠኝ ግማሹ እሱ ነበር። አለፍኩ።

አሁን እሑድ ስደውል ስልኩን የሚነጥቀው አባቴ ነው። አዲሶቹ ጥርሶቹ ከበፊቶቹ የበለጠ ስለሚነጩ ከፊቱ በፊት እነሱ ይታያሉ። ባለፈው እሑድ ሁለቱንም አስቀምጬ አስማልኳቸው፤ ከእንግዲህ ምንም ነገር ቢደርስ፣ ማንም ቢሞት፣ ሳይደብቁ ሊነግሩኝ።

“እንነግርሃለን” አለ አባቴ።

“እንዴታ ልጄ!” አለች እናቴ። “አንተን ምን ልንደብቅህ?”

ደስ አለኝ። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እያነሳሁ ጠየቅኋቸው። ሐጂ ደህና፣ የእድሩ ዳኛ ደህና።

“እትዬ ፈለቀችስ?”

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ ሻሿን አስተካከለች።

“ደህና ናት” አለች፤ “ትንሽ ጉልበቷን ነው።”

ተጨማሪ አልጠየቅኋቸውም። ትምህርቴ ሊያልቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶታል። ትናንት ገበያ ወጥቼ ለእትዬ ፈለቀች ሹራብ ገዛሁ። ወፍራሙን።